ስቫንቴ አሬኒየስና የትራንስፎርመር ወረቀት ዕድሜ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ የሚያመራ መንገደኛ ገፈርሳ ሲደርስ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በውሃው ላይ ነው። ለዋና ከተማችን የመጠጥ ውሃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው የገፈርሳ ግድብ ያቆረው ሐይቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይታያል። የሙያ ባልደረቦቼ ግን እዚያ ሲደርሱ ከውሃው ይልቅ ሽቦውን እንደሚያዩ አውቃለሁ። ከፊንጫአ ተነሥቶ በጌዶ በኩል የሚመጣው የ230 ኪሎ ቮልት መሥመር የሚያርፈው በዚሁ በገፈርሳ ነው። መሥመሩ ባለበት ትራንስፎርመር አለ፤ ትራንስፎርመር ባለበትም ለማንኛችንም እንግዳ ያልሆነው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ይህ መሣሪያ ገና ስንት ዓመት ያገለግለናል? የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው ብረቱና መዳቡ ቶሎ አያረጁም። ዘይቱም ቢበላሽ ይጣራል፤ ባይጣራ ይለወጣል። በጥቅሉ ሽቦ ላይ የተጠመጠመው ወረቀት ግን ከፋብሪካ እንደወጣ እስከ መጨረሻው እዚያው ይኖራል። ወረቀቱ ሲሰባበር የትራንስፎርመሩም ዕድሜ አብሮ ያበቃል። ችግሩ ወረቀቱን ለማየት ታንኩን መክፈት፣ ቁራጭ ለመውሰድም ጥቅሉን መጉዳት ግድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሳንከፍተው የውስጡን ዕድሜ የምንገምተው በዘይቱ ውስጥ በሚገኙ የኬሚካል ምልክቶች አማካይነት ነው። እነዚህን ምልክቶች ለማንበብ የምንጠቀምበትን ሕግ ያወጣው ሰው የትራንስፎርመር መሐንዲስ አልነበረም። በሕይወቱ የደከመበት ጉዳይ ጨውና ስኳር በውሃ ውስጥ የሚሆኑትን ማወቅ ነበር። የማኅበራችን አባላት ስሙን በቀመር ላይ ተለጥፎ ዘወትር ስለሚያዩት፣ ሰውየውንም ቢያውቁት መልካም ነው በማለት ይህን አቅርቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቫንቴ አውጉስት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1859 በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ ቪክ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። አባቱ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ መሬት ቀያሽ ነበሩ። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብ እንደጀመረ፣ አባቱም የሒሳብ መዝገባቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ እያየ መደመርን እንደለመደ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይናገራሉ። በ1876 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ እዚያው ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዩኒቨርሲቲው ግን አልተመቸውም። በፊዚክስ ትምህርት አሰጣጡ ስላልረካ፣ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በሳይንስ አካዳሚ በፕሮፌሰር ኤድሉንድ ሥር መሥራት ጀመረ። እዚያም ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ማጥናት ያዘ። ውሃው እየበዛ፣ ጨውም እየቀጠነ በሄደ ቁጥር የመተላለፍ ችሎታው እንዴት እንደሚለወጥ በትዕግሥት ለካ። ከዚህም የተነሣ ለዘመኑ እጅግ እንግዳ የሆነ አሳብ ላይ ደረሰ። ጨው ወይም አሲድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ሳይነካው ገና ከመጀመሪያው ወደ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል የሚለውን አሳብ ማለቴ ነው። ዛሬ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሶዲየም የተባለው ውሃን የሚያቃጥል ብረትና ክሎሪን የተባለው መርዘኛ ጋዝ በአንድ ብርጭቆ የጨው ውሃ ውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ ማለት ለብዙ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ቀልድ ይመስል ነበር።

በ1884 ይህን ጥናቱን ለዶክትሬት ማዕረግ ለኡፕሳላ አቀረበ። መርማሪዎቹ አልወደዱትም። ጽሑፉን አራተኛ ደረጃ ሰጡት፤ ክርክሩ በተካሄደ ጊዜም ከፍ ያለው ወደ ሦስተኛ ብቻ ነው። በአገሩ ሥርዓት ይህ ውጤት በዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ለመሆን ያለውን ተስፋ የሚያጨልም ነበር። የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ለአለቆቹ አቤቱታ በመጻፍ ፈንታ የጽሑፉን ቅጂዎች ጠቅልሎ በውጭ አገር ለሚገኙ የታወቁ ሊቃውንት ላከ። ከእነርሱም አንዱ በሪጋ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው። ኦስትቫልድ ጽሑፉን ካነበበ በኋላ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግሮ ኡፕሳላ ድረስ መጣ፤ ሥራም ሰጠው። የአገሩ መምህራን ዝቅ አድርገው ያዩት ወጣት በውጭ ሊቅ ሲፈለግ ዩኒቨርሲቲው አሳቡን ለወጠና የፊዚካል ኬሚስትሪ መምህርነት ሰጠው። አባቱ ታመው ስለነበር አሬኒየስ ወደ ሪጋ ወዲያው አልሄደም። አባቱ በ1885 ካረፉ በኋላ የጉዞ ድጎማ አግኝቶ ከ1886 ጀምሮ በሪጋ ከኦስትቫልድ፣ በቩርትስቡርግ ከኮልራውሽ፣ በግራትስ ከቦልትስማን፣ በአምስተርዳም ከቫን ት ሆፍ ጋር ሠራ። ከዚያ ዘመን ሊቃውንት መካከል ከዚህ የተሻለ የአስተማሪዎች ዝርዝር ያለው ሰው ለመጥቀስ ይቸግራል።

ለእኛ ሙያ ከሁሉ የበለጠው ዓመት 1889 ነው። ጉዳዩ የሚጀምረው ከስኳር ነው። የሸንኮራ ስኳር በውሃ ሟሙቶ ትንሽ አሲድ ቢጨመርበት እያንዳንዱ የስኳር ሞለኪውል ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ለሁለት ቀላል ስኳሮች ይከፈላል። ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል የመከፈሉ ፍጥነት እጅግ ይጨምራል። አሬኒየስ የጠየቀው ለምን ይህን ያህል ይጨምራል ብሎ ነው። በክፍል ሙቀት አካባቢ 10 ዲግሪ ቢጨመር ሞለኪውሎቹ የሚሯሯጡበት ፍጥነት የሚያድገው በመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። የኬሚካሉ ሥራ ግን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለሆነም መልሱ በግጭቱ ብዛት ሊገኝ አይችልም።

ቫን ት ሆፍ በ1884 የፍጥነትንና የሙቀትን ዝምድና የሚገልጽ የሒሳብ መልክ አስቀምጦ ነበር። አሬኒየስ ያንን ተቀብሎ ትርጉም ሰጠው። ሞለኪውሎች ሁሉ ለመሰበር የተዘጋጁ አይደሉም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ብቻ አንድን ደፍ ለመሻገር የሚበቃ ኃይል ይዘው ይገኛሉ። ሙቀት የሚያበዛው እነዚህን ጥቂቶች ነው። ደፉ ከፍ ባለ መጠን የሙቀት ተጽዕኖ ይበረታል። ይህ ደፍ ዛሬ አክቲቬሽን ኤነርጂ ይባላል። የፍጥነቱ ሎጋሪዝም ከፍጹማዊ ሙቀት ግልባጭ ጋር በቀጥታ መሥመር ይወርዳል፤ የመሥመሩም ዝንባሌ የደፉን ቁመት ይነግረናል። የአሬኒየስ ቀመር የሚባለው ይህ ነው።

አንባቢዬ ስኳር ከትራንስፎርመር ጋር ምን አገናኘው ይል ይሆናል። ወረቀት ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስም የግሉኮስ ስኳር ቀለበቶች አንዱ በሌላው ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ቀለበት ከቀለበት የሚያያይዘው ማሰሪያ ከሸንኮራው ስኳር ማሰሪያ ጋር ወገን ነው፤ የሚፈታውም በዚያው በውሃና በአሲድ ነው። ከአሬኒየስ ልኬት የሚወጣው የስኳሩ ደፍ በዛሬው መለኪያ በሞል ወደ 107 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ኤምስሊና ስቲቨንስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በዘይት ውስጥ ለሚያረጅ ወረቀት የተደረጉ ሙከራዎችን አሰባስበው ያገኙት ደፍ 111 ኪሎ ጁል ነው። በብርጭቆ የተለካው ስኳርና በታንክ ውስጥ የሚያረጀው ወረቀት ይህን ያህል መቀራረባቸውን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ስሌቴን የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1891 በስቶክሆልም ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1895 ፕሮፌሰርነት ተሰጠው፤ ከ1897 እስከ 1902ም ትምህርት ቤቱን መራ። በ1894 ሶፊያ ሩድቤክ የተባለችውን ተማሪውን አግብቶ ነበር፤ ትዳሩ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ቤቱ በፈረሰበት በዚያው ወቅት አሬኒየስ በእጁ ጽሕፈት እልፍ ቁጥሮችን እየደመረና እያካፈለ በከባቢ አየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የምድር ሙቀት ምን ያህል እንደሚለወጥ ያሰላ ነበር። በ1896 ባሳተመው ውጤት መሠረት የጋዙ መጠን እጥፍ ቢሆን የምድር አማካይ ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይጨምራል። የዛሬ ግምቶች ከዚህ ዝቅ ቢሉም፣ ያለ አንዳች የማስሊያ መሣሪያ እዚህ መድረሱ ያስገርማል። የአየሩ መሞቅ ለቀዝቃዛ አገሮች በጎ ነገር ይመስለው ነበር። በዚህ የተሳሳተው ቀዝቃዛ አገር ስለተወለደ ይመስለኛል።

በ1903 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ከስዊድናውያንም የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። የተሸለመው በ1884 አራተኛ ደረጃ በተሰጠው በዚያው አሳብ ምክንያት መሆኑን ልብ ይሏል። በርሊን ልትወስደው ፈልጋ ነበር፤ አገሩ ግን በ1905 የኖቤል ፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም አቋቁማ ዲሬክተር ስላደረገችው እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው ቀረ። በዚያው ዓመት ማሪያ ዮሃንሶንን አገባ፤ ሁለተኛው ትዳሩም ጸና።

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ጉድለታቸውን መሸፈን ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን ይህን አልወደድሁም። በወጣትነቱ በመርማሪዎች ፍርድ የተጎዳው አሬኒየስ ራሱ ፈራጅ በሆነ ጊዜ ሁልጊዜ ቅን አልነበረም። በ1906 ሜንዴሌዬቭ ለኖቤል ሽልማት በታጨ ጊዜ አሬኒየስ ተጽዕኖውን ተጠቅሞ ከተቃወሙት ዋነኛው ነበር፤ ሜንዴሌዬቭ የእርሱን የጨው አሳብ ከነቀፉት አንዱ መሆኑም ይታወቃል። ቀድሞ ወዳጁ የነበረው ኔርንስት ሽልማቱን ለረጅም ዓመታት ሳያገኝ መቆየቱም ከአሬኒየስ ተቃውሞ የተለየ አይደለም። ከዚህም የከፋው በ1909 በተመሠረተው በስዊድን የዘር ንጽሕና ማኅበር ውስጥ መሳተፉ ነው። ያ አሳብ ኋላ ለብዙ ሰዎች መከራ ምክንያት ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተማረኩ የጀርመንና የኦስትሪያ ሊቃውንት ተፈትተው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ብዙ ደክሟል።

በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ ስቶክሆልም በገቡ ጊዜ አሬኒየስ በተቋሙ ሥራ ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1927፣ በስቶክሆልም ዐረፈ፤ የተቀበረውም በኡፕሳላ ነው።

ቀመሩ ወደ ትራንስፎርመር የገባው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በ1930 ሞንትሲንገር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የወረቀት ኢንሱሌሽን ሙቀቱ በ8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ ከሙከራ አገኘ። ሞንትሲንገር የተነሣው ከልምድ ነው። ይህ ልምድ የአሬኒየስ ሕግ አንድ ገጽ መሆኑን በ1948 በግልጽ ያሳየው ዳኪን ነው። በዛሬው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለተራ ወረቀት እጅግ በሚሞቀው ነጥብ ላይ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መነሻ ሆኖ በ6 ዲግሪ ልዩነት እጥፍ ወይም ግማሽ ይታሰባል። አንድ ሰዓት በ110 ዲግሪ የዋለ ትራንስፎርመር አራት ሰዓት አርጅቷል ማለት ነው። በ92 ዲግሪ የዋለው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያረጃል።

ስለ ገፈርሳ ከፍታ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ትራንስፎርመርን የሚያስበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይደክማል፤ በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ በየ400 ሜትሩ፣ በማራገቢያ ለሚቀዘቅዝ በየ250 ሜትሩ ከሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። በ2,600 ሜትር ላይ ሲሰላ ይህ ለመጀመሪያው 4 ዲግሪ፣ ለሁለተኛው ከ6 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በሌላ በኩል ደረጃው የሚያስበው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን የእኛ ደጋ ከዚያ አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓይነት ደጋው በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው ይመልሳል፤ ማራገቢያ ለሚነፋበት ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። አንዳንድ ባልደረቦቼ አገራችን ቀዝቃዛ ስለሆነች ትራንስፎርመሮቻችን ከሌላው ቀስ ብለው ያረጃሉ ሲሉ እሰማለሁ። ከፍታውን ሳያስቡ እንዲህ ማለት ልክ አይመስለኝም።

የሙቀት ስሌት ግን ግምት ነው፤ ወረቀቱ በእውነት የደረሰበትን የሚነግረን ዘይቱ ነው። የአዲስ ወረቀት ሰንሰለት 1,000 እስከ 1,200 ያህል የግሉኮስ ቀለበቶች አሉት። ይህ ቁጥር የፖሊመራይዜሽን ደረጃ ይባላል። ወደ 200 ሲወርድ ወረቀቱ ጥንካሬውን በአብዛኛው ያጣል፤ ኤሌክትሪክን ቢከላከልም በአጭር ዑደት ጊዜ የሚመጣውን ድንገተኛ ግፊት አይችልም። ሰንሰለቱ ሲበጣጠስ ከቀለበቶቹ አንዳንዶቹ ተለውጠው ፉራን የተባሉ ውሁዶች ይሆናሉ፤ ከእነርሱም ዋነኛው ፉርፉራል ነው። ፉርፉራል በዘይቱ ውስጥ ስለሚሟሟ ከቫልቩ በጠርሙስ ተቀድቶ ይለካል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ይህ መንገድ በብዙ አገር ሥራ ላይ ውሏል። የቼንዶንግ ቀመር በሚባለው መሠረት በሚሊዮን 0.1 እጅ ፉርፉራል የተገኘበት ዘይት የወረቀቱ ሰንሰለት ወደ 720 እንደወረደ፣ 1 እጅ ከተገኘ ወደ 430፣ 5 እጅ ከተገኘ ደግሞ ወደ 230 እንደወረደ ያመለክታል። ከዚህ ጎን ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታያሉ። አሬኒየስ በምድር አየር ውስጥ ያሰላው ጋዝ በትራንስፎርመራችን ዘይት ውስጥም ሟሙቶ ይገኛል። ዳይኦክሳይዱ ከሞኖክሳይዱ ከሦስት እጥፍ በታች ሲሆን ከተለመደው እርጅና የተለየ የወረቀት ቃጠሎ ይጠረጠራል።

ስለ ፉርፉራል ግን ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጣቢያ ዘመናትን ያስቆጠረ ትራንስፎርመር ነበር፤ ይለወጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ተነሥቶ ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝሁ። የናሙናው ፉርፉራል እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ አገኘሁት። በደስታ ወረቀቱ ገና ወጣት ነው ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ለጣቢያው አንጋፋ ቴክኒሺያን ባሳየኋቸው ጊዜ ሳይቆጡ፣ ልጄ ብለው፣ የዘይቱን የጥገና መዝገብ አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። ዘይቱ ከጥቂት ጊዜ በፊት በሸክላ አፈር ማጣሪያ አልፎ ነበር፤ ማጣሪያው አሲዱን ሲያወጣ ፉርፉራሉንም ጠርጎታል። ምልክቱ ጠፋ እንጂ ወረቀቱ አልታደሰም። ሪፖርቱን አስመልሼ አንድ ዓመት እንዲጠበቅ ጠየቅሁ፤ በዚህም ጊዜ ወረቀቱ በውስጡ ያቆየውን ፉርፉራል ቀስ በቀስ ለዘይቱ ሰጠ። ሁለተኛው ናሙና ከመጀመሪያው በብዙ በልጦ ተገኘ። ያ ትራንስፎርመር ጭነቱ ተቀንሶለት ተጠባባቂ ሆነ። በመጀመሪያው ረቂቄ ተተማምነው ሙሉ ጭነት አሸክመውት ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ አጭር ዑደት ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ሌላም ጉድለት አለው። በናይትሮጅን ውሁዶች የተጠናከረ ወረቀት ፉርፉራልን እጅግ በጥቂቱ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ለተራ ወረቀት የወጣው ቀመር ለእርሱ አይሠራም። በ2007 የካናዳው የኃይድሮ ኬቤክ የምርምር ተቋም ሰዎች ሜታኖል ሌላ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አሳትመዋል። ሜታኖል ገና ወረቀቱ ማርጀት ሲጀምር ይታያል፤ ከተጠናከረው ወረቀትም ይወጣል። ሆኖም በዘይትና በወረቀት መካከል የሚከፋፈለው እንደ ሙቀቱ ስለሆነ፣ ናሙና ሲቀዳ የዘይቱን ሙቀት በጠርሙሱ ላይ ያልጻፈ ሰው ለላቦራቶሪው የሚልከው ግማሽ መረጃ ነው። ቀኑን፣ የዘይቱን ሙቀት፣ የዕለቱን ጭነት፣ ዘይቱ የተጣራበትንም ቀን በአንድ ገጽ አድርጎ ከጠርሙሱ ጋር ማሰር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። እኔ ከዚያ ሪፖርት ወዲህ ያለዚህ ገጽ ናሙና አልቀበልም፤ በዚህም አስቸጋሪ የሚለኝ አልጠፋም።